እጸልይልሃለሁ

ፖርትላንድ ይዘንባል፤ ዛሬም እንደ ትናንት።
ሰማንያ ሁለተኛ ጎዳና ውሃ ለብሷል እንደ ካፖርት።
እኔ የሌሊት ተረኛ፣ በአውሮፕላን ጣቢያው መኪና ማቆሚያ፣
ቤቴ የመስታወት ሳጥን፣ ሥራዬ ትኬት መቀበያ፣
ዳዊት ከጉልበቴ ላይ፣ ማሞቂያው ከእግሬ ሥር፣
ስድስት ዓመት ሙሉ አነበብኩ፣ እንዳልናገር።

ሰው "እንዴት ነህ?" ሲለኝ "ተመስገን" ነው መልሴ፤
ተመስገን መጋረጃዬ፣ ተመስገን ልብሴ።
ወንድሜ መኩሪያ ሲሞት "ለበጎ ነው" አልኩኝ፣
እንባ የመጣ እንደሁ ስግደት ጨመርኩኝ፤
ጉልበቴ እስኪላጥ፣ ምንጣፉ እስኪሳሳ፣
አንድ ነገር ነበር፣ እሱ እንዳይነሳ።
"ሆድ ይፍጀው" ይላል ሰው፤
የኔን ግን እሱ ራሱ፣ ሆዴን ነው የፈጀው።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩኝ፣ ደረቴን ሲጨንቀው፤
"ልብህ ደህና ነው" አለ፤ ልቤን እሱ አያውቀው።
ባልደረባዬ ዱዌይን፣ የድሮ ወታደር፣
"እኔን እንጉዳይ ነው ያስተኛኝ" አለኝ አንድ አዳር።
"ፈቃድ ያለው ቤት አለ፣ አጠገብህ የሚቀመጥ ሰው፣
ባልዲ፣ ብርድ ልብስ፣ የዓይን መሸፈኛ፤ ሌላው ያንተ ነው።"

ሳቅሁ። እንጉዳይ እኛ ጋ መብረቅ የወለደው፣
ልጅ እንዳይነካው እናት የምትከለክለው።
ሲያድር ግን አባቴ ትዝ አለኝ፤ ኮሶ ሲጠጣ
ማንም አይጠራውም፣ ከጓዳም አይወጣ፤
"ኮሶ ጠጥቷል" ይባላል፣ እንግዳ ይመለሳል፣
ያ ቀን የሱ ብቻ ነው፣ እየማቀቀ ይፈወሳል።
መራራ ነው እንጂ ጣፋጭ መች ያሽራል?
ትሉም ራሱ ካልወጣ ተመልሶ ያድጋል።

ስድስት ነበርን በቤቱ፣ ጫማችንን በር ላይ ትተን።
ሎሪን፣ ሽበታሟ ሴትዮ፣ በኩባያ አፈር የሚሸት መራራ ሰጠችን።
ማታ ክብ ሠርተን ያየነውን ስንናገር
አንዷ ብርሃን አየች፣ የሚተነፍስ ባሕር፤
አንዱ ንስር ሆኖ ከተራራ ተራራ ሲዞር ነበር።
"አንተስ?" አለች ሎሪን።
"መኪናዬን" አልኩ።
ብርማዋን ኮሮላዬን።

አዎ፤ መንበርና ኪሩቤል ስጠብቅ
መጥታ ፊቴ ቆመች፣ እንደተገዛች፣ ስታብረቀርቅ፤
ላስቲኩ ከወንበሯ ሳይላጥ፣
ቅድሚያ ክፍያዋን አስቆጠረችኝ በቁጥር፦
ሦስት ሺህ አራት መቶ ዶላር።
መኩሪያ የጠየቀኝ ሦስት ሺህ ነበር።
በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ወር፣
ኩላሊቱ ደክሞ፣ "ለእጥበቱ፣ ወንድሜ" ብሎ ጻፈልኝ፤
እኔም ባንድ እጄ ቁልፏን ይዤ
"እጸልይልሃለሁ" አልኩት።

ጸለይኩም። ውሸት አልነበረም። የሚከፋው ያ ነው።
ሱባኤ ገባሁለት፤ እግዜርን በኔ ፈንታ ላክሁት፣
የኪሴን ሥራ ለሰማይ ሰጠሁት።

ባልዲውን ሞላሁት። ሎሪን ጀርባዬን አልዳበሰችም፣
"አይዞህ" አላለችም፤
ፎጣ አቀበለችኝ።

በወሩ ተመለስኩ። "ድገሚልኝ" አልኳት፣
"ያን ቀን ቀሎኝ ነበር፣ ክንፍ አውጥቼ" አልኳት።
አየችኝ ረጅም።
"ይኸም ጸሎት እንዳይሆንብህ" አለች። "ስልክ የለህም?"

ለካ ራሱ አልወጣም።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም ቀትር ሲሆን፣
ከሳጥኔ ውስጥ ደወልኩ ለጥሩወርቅ፣ ለሚስቱ።
"ገንዘቡ ነበረኝ" አልኳት። ሌላ ቃል አላስቀደምኩም፣
ዳዊት አልጠቀስኩም፣ "ለበጎ ነው" አላልኩም።
ዝም አለች። ከኋላዋ ወፍጮ ይጮሃል፣ ልጅ ይጠራል።
"አውቃለሁ" አለች ቀስ ብላ።
"መኪናዋን ስትገዛ ፎቶዋን ልከህ ነበር'ኮ።
መኩሪያ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይቷል።"

ከዚያ ወዲያ ምን እንዳልኩ እንጃ።
አንድ መኪና ከመስኮቴ ሥር ቆመ፤ ሾፌሩ ትኬቱን ዘርግቶ
ፊቴን አየና "ደህና ነህ?" አለኝ።
"አይደለሁም" አልኩት።
ሒሳቡን ተቀበልኩ። በሩን ከፈትኩለት።