ሩብ ዙር

ከኮዬ ፈጬ ዳር፣ ከመጨረሻው ብሎክ፣ ስንዴው ከሚጀምርበት፣
ቆርቆሮ የለበሰ የፓምፕ ቤት አለን፣ ሌሊት ብረት የሚያቃስትበት።
መጀመሪያ ዝም ነው።
ቀጥሎ ማጉረምረም፣ ቀጥሎ መንቀጥቀጥ፣
ቧንቧው በግድግዳው ውስጥ ሲያብጥ፣ ሲጨመደድ፣ ደግሞ መልሶ ሲያብጥ፤
አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእኔው መደርደሪያ፣ ከሰርጋችን ዕቃ፣
ከስድስት ብርጭቆ አምስቱ ተኝተው አንዱ ብቻ ነቃ።
ምን ዝምድና ቢኖረው ነው ከዚያ ከታች ካለው ጣር ጋራ፣
«አቤት፣ አቤት» የሚለው፣ በስሙ እንደተጠራ?

ኮሚቴው ሰበሰበን። አቶ ድልነሳው «አርጅቷል፣ ይሸጥ» አሉ፤
«ትልቅ ይገዛ» ያሉም፣ «ጸበል ይረጭ» ያሉም አሉ።

ቅዳሜ ከአቃቂ ኢፍቱ መጣች፣ ቱታዋ ግራሶ የጠጣ፣
መዳፏን ቧንቧው ላይ አሳርፋ ቆየች፣ ቃል ከአፏ ሳይወጣ።
የግፊት መለኪያው መርፌ ስድስት ይላል፣ ሁለት ይላል፣ ስድስት፤
«ደህና ነው» አለች «ፓምፓችሁ። ጆሮው ነው የዘገየበት።
‹ውኃ አነሰ› ሲሉት ቆይቶ ይሰማል፤ ሲሰማ ደንግጦ ባለ በሌለ ኃይሉ ይገፋል፤
‹በዛ!› ሲሉት ደግሞ ያንንም ዘግይቶ ሰምቶ ጭራሽ ያንቀላፋል።
ወሬው እየዘገየ መልሱ ሲቸኩል ነው ብረት የሚያስለቅሰው።»
ሳጥኑን ከፈተች፤ አየኋት አንድ ብሎን
በካቻቢቴ ጫፍ፣ ወደ ግራ፣ ሩብ ዙር፣ ስትመልሰው።
«ትንሽ ይስነፍ» አለች።
መርፌው አምስት አለ፣ ሦስት አለ፣ ከዚያ አራት ተኩል፣
ከዚያ አራት ላይ ቆመ፤ ከሩቅ መንገድ ቤቱ እንደገባ ሰው፣ ሳይቸኩል።

ጸዳል ሰበታ ናት፣ እህቷ ዘንድ፤ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ።
ማክሰኞ የወረወርኩት ቃል ሐሙስ ነው የደረሰው፣ የገባው ከአንጀቷ፤
የሐሙስ ጩኸቷን እሑድ ተረድቼው፣
ሽቶ፣ ቀሚስ፣ ጫማ ተሸክሜ ስገባ፣
ሰኞ ሻንጣ ዘጋች፣ ካሳው ስድብ ሆኖባት፣ ዓይኗ ሙሉ እንባ።

ዛሬ ረጅም ጻፍኩላት። አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩ። ያንንም ቆረጥኩት፤
«ውኃው ተስተካክሏል»፤ እሱን ብቻ ላክሁት።
ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩ። አልደወልኩም ሁለተኛ።
ብርጭቆውም ዝም ብሎ ከአምስቱ ጋር ተኛ፤
አሸዋ የጫነ አይሱዙ በታች ሲያልፍ ግን
ትንሽ ይባንናል።