ወይዘሮ

ሐሙስ በማለዳ፣ ጉሙ ሳይገላለጥ፣
ከኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ፣
ወለሉ በጫማዬ ቀዳዳ ገብቶ ሲነዝረኝ፣
አቶ ሊያንደር ማብሪ መቶ ሃያ ቅጂ ቆጥረው ሲያሸክሙኝ፣
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

«እንዳይረጥብ» ይሉኛል፤ ሌላ ምክር የላቸው።
ቀጭን ሰው ነበሩ፣ ሳል የማይለቃቸው፣
ከባቡር ሥራ ሲባረሩ አሮጌ ማተሚያ በዕዳ ገዝተው
«የምሥራቅ ዳርቻ መልእክተኛ»ን የጀመሩት እሳቸው።
ፊደል ለቃሚዋ ግን ባለቤታቸው ናቸው፣
ወይዘሮ ሉቬንያ፤
እርሳሱን እንደ ምስር የሚለቅሙ በጣታቸው።

ማዶ፣ በነጮቹ ሰፈር፣ ትልቅ ጋዜጣ ነበረ፣
ስለኛ ሴቶች ሲጽፍ በ«ወይዘሮ» ያልጀመረ።
ዶርካስ ፒንክኒ፣ የሰው ልብስ አጥበው አራት ልጅ ያሳደጉ፣
በስሌተር መንገድ፣ አንሶላ እንደተሸከሙ፣ ባቡር ገጭቷቸው አረፉ።
የማዶው ጋዜጣ በሁለት መስመር፣ ከከብት ዋጋ በታች፣
«ዶርካስ የምትባል አጣቢ ተገጭታ ሞተች።»
የኛው በፊት ገጽ፣ በጥቁር ክፈፍ፣ በትልቁ፦
«ወይዘሮ ዶርካስ ፒንክኒ አረፉ።»

ከዚያ ወዲህ አዋላጅም ትሁን፣ ወጥ ሠሪም፣ ገረድም፣
«ወይዘሮ» ሳትባል አንዲት ሴት ከዚያ ገጽ ላይ አትወርድም።
እናም ከመሳቢያው ፊደል ሁሉ ቀድሞ ያለቀው
የዚያ ቃል መነሻው ነው፤ ፊቱ ተልጦ፣ ጥርሱ የረገፈው።

ከገጹ ግርጌ፣ በስተቀኝ፣ አንዲት መስመር ነበረች፤
«በስሌተር መሻገሪያ ዛሬም መዝጊያ የለም።»
በየሐሙሱ ያው ናት፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም።
የባቡር ኩባንያው ዝም አለ፤ ከንቲባው ቀጠሮ አራዘመ፤
ከሰል ነጋዴው ማስታወቂያ ነፈገ፤ ባንኩ ለዕዳው ቆመ።
የጋዜጣው ዋጋ እንቁላል ሆነ፣ አንዳንዴም ድንች፤
አንድ ክረምት ሙሉ በሥጋ መጠቅለያ ወረቀት ታተመ፣
ዜናው ከነስቡ ተነበበ።

አንድ ሌሊት መስኮቱን ጥሶ እርሳስ ገባ፣
የሌላ ዓይነት እርሳስ።
ወይዘሮ ሉቬንያ በቢላ ከግድግዳው ፈልፍለው አወጡት፤
አገላብጠው አዩት፤ ከማቅለጫው ድስት ጨመሩት።
«ፊደል አጥሮን ነበር» አሉ፤
«ልከውልናል፤ ቅርጹ ነው እንጂ የጎደለው።»
የዚያ ሳምንት «ወይዘሮ» ከምን እንደተሠራ
ሰፈሩ አያውቅም። እኔ ድስቱን ሳማስል ነበርኩ።

በአራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ሐሙስ ያቺ ቦታ ባዶ ወጣች።
ነጭ። ምንም።
አንድ ሽማግሌ ቅጂያቸውን ይዘው መጡ፤ «ጎድሎባችኋል» አሉ።
«ሄደው መሻገሪያውን ይዩ» አሏቸው አቶ ማብሪ፤ ሳሉ፤ ደግሞ ሳሉ።
መዝጊያው ቀይና ነጭ ነበር፤ ሲወርድ ያቃጭላል፤
ልጆቹ፣ ሥራ ሳይኖራቸው፣ ሊያዩት ሲሉ ይመላለሳሉ።
ባዶዋ የቆየችው አንድ ሳምንት ነው።
በሚቀጥለው ሐሙስ፣ እዚያው ማዕዘን ላይ፦
«በምሥራቅ ትምህርት ቤት ዛሬም ምድጃ የለም።»

እናቴ ማንበብ አታውቅም ነበር።
አንድ ሐሙስ ግን ሮጬ መጣሁላት፤
«ወይዘሮ አይዶላ ክረምፕ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ
ሁለት ዶላር ሰጡ» ይላል፣ ብዬ አነበብኩላት።
«የቱ ጋ ነኝ?» አለች። ጣቷን ይዤ ስሟ ላይ አኖርኩት።
«ከፊቴ ያለችውስ?»
ነገርኳት።
ጣቷን ወደዚያች ቃል ወሰደችው፤ እዚያ አቆየችው፤
ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና
ስታነሳው ቃሉ ጣቷ ላይ ቀረ።

ያን ቀን እስኪመሽ እጇን ውኃ አላስነካችም።
አጣቢ ነበረች።