የወንድ ምጥ

በህልሜ አረገዝኩ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሪ የጨበጥኩኝ፣
ጣርማበርን በጉም ዳብሼ ያለፍኩኝ፣
የሦስት ልጆች አባት፣ ጢሜ ሽበት ያለው፣
ሆዴ ገፍቶ መጥቶ መሪውን ታከከው።
ፍሬን አልረገጥኩም፣ ማርሽም አልቀየርኩ፣
አንድ እጄን ሆዴ ላይ ጣል አድርጌ ብቻ ዋሻው ውስጥ ዘለቅኩ።

ዋሻው ግን አያልቅም።
ግድግዳው ያልበዋል፣ ጣራው ያነባል፣
ከውስጤ አንድ ነገር በእግሩ ይመታኛል፤
"አውጣኝ" ይላል፣ "አውጣኝ"፤ ድምፁን አውቀዋለሁ፣
ስሙን ልጠራ ስል ምላሴን አጣለሁ።

ነቃሁ። የደብረ ሲና ጉም በመስኮቱ ገብቶ፣
ራስጌዬ ቆሟል እንደ አዋላጅ እጁን ዘርግቶ።

*

ለሚስቴ ነገርኳት። ሳቋ ጎረቤት ቀሰቀሰ።
"ቦርጭህ ነዋ!" አለች፣ "ሁዳዴም አልቀነሰ፤
ሽሮውን ለሁለት ነው እኮ የምትበላው፣
መንታ ይሆናል እንጂ አንድስ መች ሊሞላው!"

በመስኮት ቆሎ የምትሰፍርልኝ አመለወርቅ፣
"ሲሳይ ነው" አለችኝ፣ "ምን አለ? አትሳቀቅ፤
ወንድ በህልሙ ካረገዘ፣
ኪሱ ነው የሚነፋ፣ በረከት ነው የያዘ።"
አንድ ስኒ መረቀችልኝ፣ ከሚመጣው ሀብት ላይ።

መሪጌታ ክንፈ ግን አልሳቁም፣ አልመረቁም።
"ወለድክ?" አሉኝ።
"አልወለድኩም።"
መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣
ረጅም ጊዜ፣ እስኪጠራ፤ ከዚያ ወደኔ ተጠጉ።
"ፅንስ ሐሳብ ነው ልጄ፤ መውለድ መገላገል።
ይኸኛው ግን ያንተ አይደል፤ የሰው አደራ ይመስላል፤
ቀኑ ያለፈ ፅንስ ደግሞ ተሸካሚውን ይበላል።"

*

ስንሻው። ረዳቴ።
ለዘነበወርቅ አንድ ለእናቱ፤
አሥራ ሁለት ዓመት ሽታ ያገኘችው፣ ስሙም ያንኑ ይላል።
በጥር፣ ሚሌ ላይ፣ ሦስት ቀን ንዳድ አንቀጥቅጦት
እጄ ላይ ቀረ። እዚያው አሸዋ አለበስነው።
ሹራቡ ከወንበሬ ሥር ነው፤
ሱፉን መንዝ ሳለች ራሷ የፈተለችው።
የጎኔ ወንበር ባዶ ነው፣ ቀበቶውን ግን አስራለሁ።

ሽማግሌዎቹ "ጾሙን በሰላም ትፍታ" አሉ፣ "ከፋሲካ በኋላ ይነገራታል።"
እኔም በየወሩ ደመወዙ ነው እያልኩ ብር አቀብላታለሁ።
"ስልኩስ?" ትለኛለች።
"በረሃው ኔትወርክ የለው" እላታለሁ።
ይህን ባልኩ ቁጥር
ሆዴ ይገፋል።

*

ፋሲካን አልጠበቅሁም። ዶሮ ሳይጮህ ተነሣሁ፣
ሹራቡን በብብቴ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ።

ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ።
ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።
"ግባ" አለች፣ "ዘገየህ።
እኔ እኮ ከጥር ጀምሮ ምጥ ላይ ነኝ፤
ሌሊት ሌሊት እሱኑ መልሼ እወልደዋለሁ፣
ዝም ይላል። ተወልዶ አያለቅስም።
ለፈቺ አልሰጠሁትም። ፈቺ ምን ሊለኝ?"

አፌን ከፈትኩ።
ቃሉ በእግሩ መጣ፤ ታንቆ፣ ተወላግዶ፣
በመካከላችን ወደቀ፣ ከከንፈሬ ወርዶ።

ጮኸች። የዳገቱ ውሾች ጮኹ። ጎረቤት በር በሩን ከፈተ።
ሹራቡን አሸተተች፣ ደግማ አሸተተች፣
እንደሚታጠፍ አጥፋ ሆዷ ላይ አደረገችው።
እኔ ጉልበቴ ከድቶኝ ደፉ ላይ ተቀምጬ ነበር፣
ላብ በላብ፣ ባዶ።

ከለቅሶዋ መሃል እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች፤
"እንኳን ማርያም ማረችህ" አለች።

ያን ቀን መኪና አላስነሳሁም።
አመለወርቅ ስኒዋን ይዛ፣ በየመስኮቱ ስትፈልገኝ ዋለች አሉ።