ተራህ ነው

በኮትካ ወደብ ላይ ክሬን ስነዳ ኖሬ፣
ጡረታ ስወጣ፣ በጉልበቴ ሰበብ ቤት ውስጥ ታስሬ፣
ልጄ ሲርካ ባመጣችው አሮጌ ኮምፒውተር
የባልቲክን ባሕር ጀመርኩ ማስተዳደር።

ዘመኑ ሺህ ሦስት መቶ፣ መርከቡ ባለሸራ፣
ሰሙም፣ ጨውም፣ ጦሩም፣ በተራ በተራ።
አንተ ዴትሌፍ፣ የሉቤኩ ሰዓት ሠሪው፣
የሪጋ ገዢ ሆንክ፤ እኔ የሉቤክ አስተዳዳሪው።
«ከተማዬን ሰረቅኸኝ» ብለህ ጻፍክልኝ፤
ገና በዚያች ደብዳቤ፣ ያኔ ነው ደስ ያልኸኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ፊት ለፊት ሳንተያይ፣
ሦስት ጊዜ ተዋጋን በጎትላንድ ላይ።
ሁለት ጊዜ ታረቅን፤ ፈረምን ውላችንን
(ሽማግሌ የላክሁት ሁለቴም እኔ ነኝ)፤
አንተው ቀድመህ በጠስከው፣ በረዶ ሲዘጋው ወደባችንን።

አርባ ሰባት መርከብ ባንድ ሌሊት አሰጠምክ፤
በማግሥቱ ደግሞ እንዲህ ስትል ጻፍክ፦
«ሚስቴ ሆስፒታል ናት። እንቅልፍ ስላጣሁኝ
አንተ ላይ ጨከንኩኝ።»
ለዚህ ምን ይመለሳል? አሰብኩ፣ አሰብኩና
ጭነት ሰም ላክሁልህ በጨዋታው ጎዳና፣
ለሻማ እንዲሆንህ። ሳንቲም አላስወጣኝ፤
ከዚያ የከበደ ስጦታ ሰጥቼ አላውቅም ብል ማን አመነኝ?

በጥቅምት ተራህ ደረሰ፤ አልተንቀሳቀስክም።
ሳምንት ጠበቅሁና «ተራህ ነው» አልኩህ፤ አልመለስክም።
«ተራህ ነው» ደገምኩኝ፣ ሰሙን ብቻ አይቼ፤
ወርቁን ከጌዛ ሰማሁ፣ ከልጅህ፣ ስልክ አንስቼ።

የጨዋታው ደንብ ነው፦ ተጫዋች ከቀረ፣
ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ወንበሩ ካደረ
ባዶውን፣ ማሽኑ ይቀመጥበታል፤
ካዝናህን ይቆጥራል፣ ጦርህን ይነዳል፣
ከስምህ አጠገብ ትንሽ ጥርስ ያለው ማርሽ ይስላል።

እንዴት ብዬ ልንገርህ? ሞኝ እንኳ አይደለም።
ግን አንተን አይደለም።
እህል ያከማቻል፣ ግንብ ይጠግናል፣ ዕዳ ይከፍላል፤
ደብዳቤ አይጽፍም እንጂ ሁሉን ያውቃል።
ዘጋብን የሰሜኗን በር፣ አንተ ሁሌ የምትረሳትን፣
እኔም ባየሁ ቁጥር አውቄ የማልነካትን።

በሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ተራ
መልእክተኛ መጣ፣ በስምህ ሊያወራ፦
«ክቡር ጎረቤቴ፣ ሰላም ለሁለታችን ይበጃል፤
አራት ሺህ ማርክ ከነጨው ይከፈልሃል።»

ሰላም! አንተ! አንድ ቀን እርቅ ለምነህ የማታውቅ፣
ግንብህ ሲፈርስ እንኳ በደብዳቤህ የምትስቅ!
ሒሳቡ ይገባኛል፦ የኔ ጦር ስምንት ነው፣ ያንተ ሦስት ቀርቷል፤
ቁጥር ቁጥርን ፈርቷል።
ውሉ እጄ ላይ ነው፤ ውሉ ግን ጠፍቶኛል፤
የዚህን ልቃቂት ጫፍ ማን ያቀብለኛል?

«ተቀበለው እንጂ» አለች ሲርካ በትከሻዬ በኩል፣
«ዘጠኝ ዓመት የለፋህለት ይኸው፣ ድል!»
ሻዬ ቀዘቀዘ።

በመስኮቴ በኩል ክሬኔ ይታያል፤
እሱም ያለ ሰው ነው፤ ኮንቴይነር ያነሣል፣ በቀስታ ያወርዳል።
ከኔ ይሻላል እንኳ፣ አንድም ዕቃ አይጥልም፤
ነፋስ ሲመታው ግን አይሳደብም።

ቀዩን ተጫንኩና ሰላሙን መለስኩት፤
ጦርም አላዘዝኩም፤ ባሕሩን ባዶ ተውኩት።
አንዲት መርከብ ብቻ፣ ሰም ጭና፣ በሸራ፣
ወደ ሪጋ ሰደድኩ፤ ጨረስኩ የኔን ተራ።

ማሽኑ ወዲያው መለሰ፦ «ስጦታው ደርሶናል፤
ወዳጅነታችን በሁለት ነጥብ አድጓል።»

ሁለት ነጥብ ብቻ።
ይሁን። አራት ቢሆን፣ ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ላይ ባበቃ።