ቢጫ ነበር

ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ዘንባባው ሲሳሳ፣
ምሰሶ ላይ ሰቀሉት አንድ ዓይን ያለው ሬሳ።
ሬሳ እንዳንለው ሌት ተቀን አይተኛም፣
ሰው እንዳንለው ደግሞ የለውም ጓደኛም።

ባጃጅ ተራ ስንቆም ወሬው እሱ ሆነ፤
ስንቱ ወረቀት ይዞ መጥቶ ተከነ።
ደምለው ይጀምራል፣ ጥርሱን እየፋቀ፦
"ሳጅን ትርንጎ ትሻል፤ ሰው ነች፣ ልቧ የታወቀ፤
'በማርያም' ስትላት፣ ባይሆን 'በሚካኤል'፣
ፊቷን አዙራ ነው 'ሂድ ከፊቴ!' የምትል።
ይሄ ግን ምን ታቦት፣ ምን አማላጅ ያውቃል?
አንዴ ብልጭ ካለ ማን ያስተሰርያል?"

ላቀው ያቋርጠዋል፦
"ሻይ አይጠጣም ብቻ! እሱን አስቡለት፤
እጅ የለው አንድ ሃምሳ አጥፈው የሚሰጡት።"
"እሱስ ባይጠጣ፣ ሥዕሉን የሚያየው
ቢሮ ተቀምጦ፣ ስንት ብርጭቆ አለው?"

አንጓች፣ ከመሃላችን አንዲት ሴት ነጂ፣
መስታወት እየወለወለች፣
"እኔስ እሱ ከቆመ ልጄን አላደርስም፤
ዜብራውን ብቻዋን ትሻገራለች" አለች። ማንም አልመለሰም።

ደግሞም፣ ቂማችን ቢለያይ፣ ሁላችን
አንዲት ቃል አለችን፣ የጋራ ጸሎታችን፦
ቢጫ ነበር።
ቀይን ያየ የለም፤ ባሕር ዳር ከተማ
ቀይ በርቶ አያውቅም፣ የኛን አፍ ለሰማ።

የኔም ተራ ደርሶ መልእክት መጣልኝ፦
ሰሌዳ፣ ሰዓት፣ ብር። ደሜ ፈላብኝ።
ሥራ ትቼ ሄድሁ፤ ደረጃውን ወጣሁ፤
ሳይጠይቁኝ ገና "ቢጫ ነበር!" አልሁ።
ጠረጴዛ መታሁ፣ ስለ ፍትሕ አወራሁ፣
ስለ ጎማ ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስንቱን አነሳሁ።

ልጅ እግሩ ጸሐፊ አልተቆጣኝም፤
ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው፣ ቃል አልወጣውም።

ባጃጄ ናት። አዎ። ታርጋው የኔ ነው፤
ግራ ጥግ ያለው ስንጥቅ፣ እሱም የኔው ነው።
ከኋላ አንዲት ሴት፣ ዓሣ በፌስታል ይዛ፣
መንገዱን ታያለች፣ በሙሉ ልቧ ተጉዛ።
ቀዩ መብራት ከላይ እንደ ፍም ተንጠልጥሏል፤
መሪውን ጨብጫለሁ፤
ዓይኔ ተከድኗል።

"አጉላልኝ" አልሁት። አጎላው፤ አየሁት።
አፌ ገርበብ ብሏል፣ አገጬ ደረቴ ላይ።
ያንን ፊት እናቴ ብቻ ነች የምታውቀው።

ያን ሌሊት ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው ያደርሁ፣
ቢጫ ጀሪካኔን እንደ ልጅ ታቅፌ፣ እንደቆምሁ።
ሲነጋ ከሐይቁ ዳር ሴትዮዋን ጫንሁ፤
የታና ነፋስ ነው ጉንጬን የዳበሰኝ፣
ከዘንባባው በታች የት እንደወሰደኝ!
ከዚያ... ከዚያ የለም። ከዚያ ገበያው በር
ሂሳብ ስቀበል ነው።
መሃል ያለችውን መንገድ የሚያውቃት
ያ ምሰሶ ብቻ ነው።

ከፈልሁ። ደረሰኙን አራት አጥፌ ከተትሁ።
ተራ ስደርስ ደምለው "እህስ፣ ምን አሉህ?"
"ምን ይላሉ! ዘረፋ ነው" አልሁ፣ ሳላፍር፤
"ቢጫ ነበር።"
ሳቁ። አንጓች አልሳቀችም።

በሳምንቱ ሴትዮዋ ዳግም ተሳፈረች፣
ውኃ የሚያንጠባጥብ አምባዛ እግሯ ሥር አኖረች።
መንገዱ ባዶ ነው፤ ውሻ እንኳን አያልፍም፤
ቆምሁ። ጠበቅን። እሷ ግን አልቻለችም፦
"እለፍ እንጂ ልጄ፣ ማን አለ ብለህ ነው?
ዓሣዬ ሊሸትብኝ..."

"እቴቴ" አልኋት፣
ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆኖብኝ፣
"ቀይ ነው።"