የትኛው ማክሰኞ?

በመጋቢት፣ ነፋሱ ከባሕሩ ጨው ጭኖ ሲወጣ፣
ባርናቢ ክሌግ ያንን ቤት በመኪናው ጎትቶ አመጣ፤
ባለ ሁለት ጎማ ቤት፣
ወገቡን በቡናማ ቀለም የታጠቀ፣
አንዱ መስኮቱ የተሰነጠቀ።
ገፋው፣ መለሰው፣ እንደገና ገፋው፣
ከጎማው ሥር ጡብ ወሸቀ፣
እጁን በሱሪው ጠርጎ ገባ፣ በሩን ዘጋው።
እኔ መስኮቴ ላይ ቀረሁ፣
ከነጭ ቆርቆሮ ጋር ተፋጥጬ።

ግሪምስቢን ለማታውቁ፦ መንገዳችን ጠባብ ነው፤
ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል፣
እንደ ሰካራም ወንድማማቾች፣ አንዱ ቢሸሽ ሁሉም ይወድቃል።
ግቢ የለን፣ አጥር የለን።
በዚያ መስኮት ሃያ ስድስት ዓመት
ቀዩን የፖስታ ሣጥን አይቼበታለሁ፣
የኦቶሊንን መጋረጃ፣
ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆችን የወረደ ካልሲ፣
ጭስ ማውጫው ላይ ቆማ የምትሳደበዋን የባሕር ወፍ።
ሐሜተኛ አይደለሁም።
ዓይን ግን ሥራ ይፈልጋል።

በልብስ ስፌት ሜትሬ ለካሁ፦
ከመስታወቴ እስከ ቆርቆሮው አንድ ሜትር ተኩል።
ለማዘጋጃ ቤት ጻፍኩ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ።
ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ልጅ መጣ፣
ዞረው፣ ጎማውን በጫማው ነካ ነካ አደረገ።
«ወይዘሮ ታክሬይ፣ መንገድ የማንም ነው» አለኝ።
«የማንም ከሆነማ የኔም ነዋ!»
«የእርሱም ነው» ብሎ
እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሄደ።

ስም የሌለው ወረቀት በደጁ ሥር ሰደድኩ።
(ስም ምን ያደርጋል? የቤተ ክርስቲያኑን የሎተሪ ሰሌዳ የምጽፈው እኔ፤
የፊደሌን ጭራ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል።)
በማግስቱ፣ የተሰነጠቀው መስኮት ላይ፣ ፊቱን ወደኔ አዙሮ፣
ከኔ በቀር ማንም ሊያነበው የማይችል፦
«ማክሰኞ አነሣዋለሁ።»

ማክሰኞ መጣ፣ ማክሰኞ ሄደ፤
ሌላውም ማክሰኞ በዚያው ነጎደ።
ካርቶን ቀደድኩ፣ መስታወቴ ላይ ለጠፍኩ፦
«የትኛው ማክሰኞ?»

መልስ የለም።
አንድ ሌሊት፣ ዐሥር ሰዓት ላይ፣
ብርቱካናማ አበባ ያለበት መጋረጃ በራ።
ሰው አለ።

ባርናቢ አይደለም። ልጁ ነው፣ ዴንዚል፣
ኳሱን ደጄ ላይ ሲያነጥር የምቆጣው፤
ከሚስቱ ተለያይቶ ሁለት ፌስታል ይዞ የመጣው።
የአባቱ ቤት መኝታው አንድ፣
ዴንዚል ሌሊት ዓሣ ፋብሪካ በረዶ ሲዝቅ ያድራል፣
ቀን እዚህ ይተኛል፣ ከወንበሬ አንድ ሜትር ተኩል።
ሲያንኮራፋ እሰማዋለሁ። ሲያስል።
አንዴ ደግሞ በስልክ፣ «አይ፣ ደህና ነኝ፣ ሰፊ ነው» ሲል።
ሰፊ!

ኸርበርት ከሞተ ወዲህ
ይህን ያህል ቀርቦኝ የተኛ ሰው የለም።
ለማንም አልነገርኩም፤
ለናንተም የነገርኳችሁ ስለማታውቁኝ ነው።
ሬዲዮኑን ቀነስኩ።
ድስት ቀስ ብሎ መክደን ተማርኩ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ
ብድግ ብዬ የምቀመጠው እኔ፣
እንዳይነቃ የምሳቀቀው እኔ።
ካርቶኑን ግን አላነሣሁም፤
ክስ እንደ በቅሎ ነው፣ ከመውጣቱ መውረዱ ይከብዳል።

ነሐሴ ላይ፣ በካፊያ፣ ከገበያ ስመለስ
የለም።
አስፋልቱ ላይ ደረቅ አራት ማዕዘን፣
ሁለት ጡብ፣ አንድ ካልሲ፣
የማን እንደሆነች የማትታወቅ ድመት፣
ጣሪያዋ ከላይዋ እንደተነሣባት ግራ ገብቷት ቁጭ ያለች።
ካፊያው ደረቁን ቦታ ለመሙላት ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም።
ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ብርሃኑ ተመለሰ፣ የፖስታ ሣጥኑም።
ኦቶሊን መጋረጃ ቀይራለች፤
አምስት ወር ሙሉ ማንም አልነገረኝ።
ካርቶኑ እንደተለጠፈ ነው፤
ዛሬ መንገደኛው ሁሉ ያነበዋል።
ትናንት ፖስተኛው ቆመ፣ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ
በመስታወቱ ጠየቀኝ፦ «ማክሰኞ ምን አለ?»
«ምንም» አልኩት።

ጡቦቹ ከነበሩበት አልተነሡም።
መኪና ሊያቆም የሚመጣ ካለ
መስታወቱን አንኳኳለሁ።