የአጋም እሾህ

ከአንገረብ ማዶ፣ ከአዛናው ጓሮ
ሁለት ጠመንጃ አለ፣ በጆንያ ታስሮ።
አንዱ ሲሞኖቭ ነው፣ ሰደፉ የቆሰለ፤
ሌላውም ሲሞኖቭ፣ መነጽር ያዘለ።

«እንደ ክላሽ አይደል፣ ጥይት አይበትንም፤
አንድ ስትስብ አንድ ነው፣ ሁለት አይሰጥህም።
ዓይንህ ግን ደክሟል፣ እኔን አትደብቀኝም።
መነጽሩን ያዘው። ሩቁ ሰው ይመጣል
እቅፍህ ድረስ።»

ያለ መነጽሩ፣ ጥማድ በሬ ያህል፤
ከነመነጽሩ፣ ላሟን ይጨምራል።

ካዝናው ባዶ ነበር። ክርኔን አጥር ላይ ጥዬ
በብረቱ አለምኩ፣ አንድ ዓይኔን ከድኜ፤
ቅዳሜ ገበያ የሚወርደው መንጋ
ጉንዳን ነው፣ አቧራ ነው፣ ስም የሌለው ሥጋ።

ቀጥሎ በመነጽሩ።

ማማይ።
የድንበሬን ድንጋይ በሌት ያሻገረው፣
ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የነፈገኝ
ማማይ፣ ሽምብራ ከጫነች በቅሎ ኋላ
ፊቴ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።
ጢሙ ሸብቷል። መቼ?
የሸሚዙ ሦስተኛ ቁልፍ የለም፤
በአጋም እሾህ ነው ያያዘው።
ሚስቱ ብርቄ ሞተች ሲሉ ሰምቼ ነበር።
ለቅሶ አልሄድኩም።

ቀና አለ። ያየኝ መሰለኝ።
ጣቴ ቃታው ላይ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

«እህሳ?» አለ አዛናው።
«መነጽር የሌለውን ስጠኝ።»
ብሩን እየቆጠረ ሳቀ፤ «ላሟ አሳዘነችህ?»
«አዎ» አልኩት፣ «ላሟ።»

ጠመንጃው ትከሻዬ ላይ ነው፣ መንገዱ ጨልሟል።
ብረቱ ደግ ነው፤ ሩቁን ሰው ሩቅ ያደርገዋል።
አንዲት እሾህ ብቻ
እስከ ማክሰኝት ድረስ
ዓይኔን አላስከድን አለችኝ።